አማካሪው ፊት ስቀመጥ የመጀመሪያውን ቃል ምን ልበል?

በር ላይ የቆመ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ሠላሳዎቹን እየጨረስኩ ነው። ባለትዳር ነኝ፣ ልጅም አለኝ። ሥራዬ ሒሳብ ነው። የሌላ ሰው ቁጥር ሲዛባ አያመልጠኝም። የራሴ ነገር ግን ከእጄ ከወጣ ቆየ።

ሚስቴን እንቅልፍ ሲወስዳት ስልኬን ይዤ መታጠቢያ ቤት እገባለሁ። ድምፅ እንዲሸፍንልኝ ቧንቧውን ትንሽ እከፍታለሁ። የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው እቀንሳለሁ። "10 ደቂቃ ብቻ" እላለሁ። ስወጣ ሊነጋ ምንም አልቀረውም። እግሬ ደንዝዞ ግድግዳ ተደግፌ ነው የምነሳው። ከዚያ አፑን አጠፋለሁ፣ የገባሁበትን ሁሉ እሰርዛለሁ፣ "በቃ፣ ይቺ የመጨረሻዬ ናት" ብዬ እምላለሁ። በነጋታው ማታ አፑን መልሼ ስጭን እጄ እንኳ አይንቀጠቀጥም።

በወሲብ ቪዲዮ ብቻ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ቀጥሎ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር መጻጻፍ መጣ። ከዚያ ደግሞ መገናኘት። ሁለተኛ ሲም ካርድ አለኝ፣ መኪና ውስጥ በመነጽር ማስቀመጫ ሥር ነው የምደብቀው። ደስ እያለው ነው የምትሉ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። አሁን እየጠላሁት ነው የማደርገው። ስብሰባ ላይ ቁጭ ብዬ ሐሳቤ እዚያ ነው። ልጄ ስታወራኝ "እ?" እላለሁ። ደግማ ትነግረኛለች። አሁን አሁን መድገሙን ትታዋለች።

ለሃይማኖት አባት ተናግሬ አውቃለሁ። ደግ ሰው ናቸው፣ አላሸማቀቁኝም። ጸልይ አሉኝ፣ ጸለይኩ። ሰውነቴ ቅልል አለኝ፣ ግን ውሎ ሳያድር ወደዚያው።

አሁን የሥነ ልቦና አማካሪ ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ። ቅጹ ላይ "የመጡበት ምክንያት" የሚል ቦታ ነበር። "ጭንቀት" ብዬ ሞላሁት። ሌላውን ለመጻፍ ጣቴ እምቢ አለ። እንግዲህ ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ ገብቼ ስቀመጥ ምን ብዬ ልጀምር? ሁሉንም ልዘርዝረው? ለሚስቴ ይነግሩብኛል ወይ? ደግሞስ ይኼ ነገር በሽታ ነው ወይስ እኔው ባለጌ ሆኜ ነው?

"ራስህን ግዛ" ለማለት የመጣችሁ እለፉኝ። እሱን ለራሴ ስለው ነው የኖርኩት።

አብሮህ የሄደ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንኳን ቀጠሮ ያዝክ። እኔ ለመደወል ብቻ ስንት ጊዜ ስልኩን አንስቼ እንዳስቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለ መጀመሪያው ቃል የሠራልኝን ልንገርህ። አልተናገርኩትም፣ ጻፍኩት። ቁራጭ ወረቀት ላይ "ከወሲብ ጋር በተያያዘ ልማዴን መቆጣጠር አቅቶኛል፣ ማውራት አፍራለሁ፣ እርስዎ ይጠይቁኝ" ብዬ ጽፌ ሰጠሁ። አማካሪው አነበበው፣ አጠፈው፣ መልሶ ሰጠኝ። "የትኛው ክፍል ነው ለማውራት የሚከብደው?" አለኝ። በዚያ ጀመርን።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትዘርግፈው። ሁሉን ተናግሮ ከእፍረት የተነሣ በዚያው የቀረ ሰው አይቻለሁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ የአማካሪውን ዓይን ማየት ከበደው። አይነቱን ተናገር፣ ምን ያህል እንደሚደጋገም ተናገር፣ ምን እንዳበላሸብህ ተናገር። የሰዎቹ ስም፣ የተባባላችሁት ቃል በቃል፣ እሱ ይቆይ።

እውነቱን_ልናገር፦

እኔ ደግሞ ግልጹን እላለሁ። ድሮ ብልግና ይባል ነበር፣ ዛሬ ሱስ ሆነ። ነገ ደግሞ ሰነፍ ሁሉ "ታምሜ ነው" ይለናል። ሚስትህ ብታደርገው ሕመም ትለው ነበር?

ወንበሩ ማዶ፦

በዚህ ሙያ ውስጥ ነው የምሠራው። ከላይ ያለው ወንድማችን በቁጣ ጠየቀው እንጂ ጥያቄው ራሱ ተገቢ ነው። ባለሙያዎችም ተከራክረውበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች በ2019 እ.ኤ.አ. አጽድቀውት ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባ፣ በ11ኛው እትም፣ ይኼ ችግር ራሱን ችሎ ገብቷል። የተመደበው ግን ከሱስ ጋር አይደለም። ግፊትን መቆጣጠር ካለመቻል ችግሮች ጋር ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በበኩሉ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአእምሮ ሕመሞች መመሪያ ውስጥ አላስገባውም። ስለዚህ "ሱስ ነው" የሚል ባለሙያ ታገኛለህ፣ "አይደለም" የሚልም ታገኛለህ። ስሙ ላይ ባይስማሙም ሁለቱም ሊያክሙህ ይችላሉ።

መመዘኛው ምን መሰለህ? ግፊቱን መቆጣጠር አለመቻል፣ ይኼም 6 ወርና ከዚያ በላይ መቆየቱ፣ ሕይወትን ማወኩ። ሰውዬው ቤቱን፣ ጤናውን፣ ሥራውን ቸል ይላል። ደጋግሞ ሊተው ይሞክራል፣ ያቅተዋል። ደስታ ሳያገኝበት እንኳ ይቀጥላል። አንተ "እየጠላሁት ነው የማደርገው" ያልከው እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ምደባው ሌላም ነገር ይላል፦ ጭንቀቱ ሁሉ "ኃጢአት ነው" ከሚል ሐሳብ ብቻ የመጣ ከሆነ መመዘኛውን አያሟላም። ፍላጎቱ ከሌላው ሰው ስለበዛ ብቻም በሽተኛ የሚባል የለም። ቁጥጥር መጥፋቱ ነው ቁም ነገሩ። የምርመራው ውጤት ግን ከዚህ ጽሑፍ አይገኝም፣ አማካሪህ ፊት ቁጭ ብለህ ነው።

ሕመም ነው ማለት ደግሞ ጥፋት የለበትም ማለት አይደለም። የዋሸኸው ውሸት የአንተ ነው።

አማካሪው የሚጠይቅህ አብዛኛው ነገር ወሲብን አይመለከትም። ስለ እንቅልፍህ ይጠይቅሃል። ስለ መጠጥ። ስለምትወስዳቸው መድኃኒቶች። ይኼን አትናቀው፤ ለፓርኪንሰንና ለእግር ዕረፍት ማጣት የሚሰጡ እንደ ፕራሚፔክሶል ያሉ መድኃኒቶች አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ግፊት ይቀሰቅሳሉ። ባይፖላር የሚባለው ስሜትን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሕመም ያለበት ሰውም ስሜቱ ከልክ በላይ በሚነሣበት ጊዜ እንዲሁ ይሆናል፣ የእሱ ሕክምና ደግሞ ሌላ ነው። ድብርት አለ ወይ፣ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ ወይ ብሎም ይጠይቅሃል። አስበህ ከሆነ አትደብቅ። አሁን እያሰብክ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮውን አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ለሰው ተናገርና ሕክምና ቦታ ሂድ።

ወደ ሚስትህ ጥያቄ ስንመጣ፣ አማካሪ ያለ ፈቃድህ አይነግራትም። ምስጢር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ነው። ገደብ ግን አለው። የአንተ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ፣ ልጅ እየተጎዳ ከሆነ፣ ዝም ማለት ላይችል ይችላል። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግ ነው። ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት "የምነግርዎ ነገር እስከ የት ድረስ ነው ምስጢር የሚሆነው?" ብለህ ጠይቀው። ጥሩ አማካሪ ሳትጠይቀውም ያስረዳሃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አድካሚ ነው፣ ግን ድግምት የለውም። ሲቢቲ በሚባለው፣ ሐሳብንና ልማድን በንግግር ለመለወጥ በሚሠራው ሕክምና አንዷን ሌሊት ትይዙና ወደ ኋላ ትሄዱባታላችሁ። መታጠቢያ ቤት ከመግባትህ በፊት ምን ነበር? አልጋ ላይ ነቅተህ ነበር። ከዚያ በፊት? ራት ላይ ዝም ብለህ ነበር። ከዚያስ? ከሰዓት በኋላ አለቃህ ሰው ፊት ተናግሮህ ነበር። ብዙ ሰው ችግሩ የሚጀምረው ስልኩን ሲያነሣ ይመስለዋል። ቀደም ብሎ ነው የጀመረው፣ ለማቋረጥ የሚቀለውም እዚያ ነው። ግፊቱ ሲመጣ ሳትታገለውም ሳትታዘዘውም ማሳለፍን ትለማመዳለህ፤ እንደ ማዕበል ነው፣ ከፍ ይልና ይወርዳል። መድኃኒትን በተመለከተ ለዚሁ ችግር ተብሎ የተፈቀደ የለም። አንዳንድ የአእምሮ ሐኪሞች ለአልኮል ሱስ የሚሰጠውን ናልትሬክሶንን ወይም የድብርት መድኃኒቶችን ይሞክራሉ። እሱ የሐኪም ውሳኔ ነው፣ በራስህ እንዳትጀምር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። "በአንድ ሳምንት ነፃ አወጣሃለሁ" የሚልህን፣ ወይም አሳፍሮ ሊያስተውህ የሚሞክረውን ጥለኸው ውጣ። እፍረት አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያው መታጠቢያ ቤት ነው የሚመልሰው። ከአማካሪው ጋር ካልተግባባህም ሌላ ፈልግ፣ ነውር አይደለም።

ቀሪዋ ሚስት፦

እኔ በሌላኛው ወገን ነኝ። ባሌ ነበር እንዳንተ።

አንጀቴን ያቃጠለኝ ያደረገው ብቻ አይደለም። እየቆነጠረ መንገሩ ነው። መጀመሪያ "ቪዲዮ ብቻ ነው" አለኝ። ለቅሶዬን ጨርሼ ቀና ስል ሌላ መጣ። እሱን ስለምድ ደግሞ ሌላ። የቱ ጋ እንደሚያበቃ አጣሁት። ከዚያ በኋላ እውነት ሲናገርም አላምነውም። ስለዚህ ወንድሜ፣ የምትነግራት ቀን ሲመጣ ተሰናድተህ፣ ከአማካሪህ ጋር ተመካክረህ፣ በአንድ ጊዜ ይሁን። ተናደህ ወይም ተጸጽተህ ሌሊት አትቀስቅሳት። እሷም የራሷን አማካሪ ትፈልጋለች፣ የአንተን አይደለም።

ግን ይኼን አስምርበት። ከሰዎች ጋር ከተገናኘህ ምርመራ ዛሬ ነው የምትሄደው። ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ጨብጥ፣ ሁሉንም። ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነት ገና ካደረግህ 72 ሰዓት ካላለፈ፣ ኤችአይቪ እንዳይይዝ የሚከላከል መድኃኒት አለ፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ውጤቱን እስክታውቅ እሷን አትንካት። "ስለ አማካሪው ላስብበት" ማለት ትችላለህ፣ ይኼ ግን ላስብበት የሚባል አይደለም። የእሷ አካል ነው፣ ሳታውቅ በእሷ ላይ አትቆምርም።

እኔና እሱ አሁን አብረን አይደለንም። እሱ ግን ድኗል ይላሉ፣ ደስ ይለኛል። እውነቴን ነው።

እውነቱን_ልናገር፦

እህቴ፣ ያንቺን አንብቤ ዝም ብያለሁ። ሰበብ ሲሆን ነው የሚያናድደኝ እንጂ ሰው ይታከም።

በር ላይ የቆመ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ፣ ያንቺን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በማግሥቱ ጠዋት ተመረመርኩ። ከውጤቶቹ መካከል የተወሰነው መጥቷል፣ ለአንዱ ቆይተህ ተመለስና ድገም ብለውኛል። ለሚስቴ ወገቤን አሞኛል ብዬ ሶፋ ላይ ነው የማድረው። ይኼም ውሸት ነው፣ አውቃለሁ። ለአማካሪው ይኼንንም ነገርኩት።

አዎ፣ ሄጃለሁ። ወረቀቱን ጽፌ ነበር፣ ኪሴ ውስጥ ላብ አራሰው፣ ሳወጣው አይነበብም። ስለዚህ ያለ ወረቀት "ቅጹ ላይ የጻፍኩት እውነት አይደለም" ብዬ ጀመርኩ። "ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚሞላው" አለኝና ብዕሩን አስቀመጠ። ስለ ምስጢሩ ገና አፌን ሳልከፍት ራሱ አስረዳኝ። ከዚያ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ አባቴ፣ ስለ ሥራ ነው የጠየቀኝ። ሰዓቱ አልቆ ስለ ዋናው ነገር ያወራነው ጥቂት ነው።

የሰጠኝ የቤት ሥራ አንድ ነው። ስልኩ ማታ ማታ ሳሎን ቻርጅ እያደረገ ይደር፣ ግፊቱ ሲመጣ ደግሞ ሰዓቱንና በፊት ምን እንደነበር ጻፍ። ብወድቅም እንድጽፈው ነግሮኛል። ወድቄ ጻፍኩት።

ሲም ካርዱን እስካሁን አልጣልኩትም። ልዋሻችሁ አልፈልግም።

ይኼው ችግር ያለባቸው ሰዎች ተሰብስበው የሚረዳዱበት የቡድን ነገርም አንሥቶልኛል። ስለ ቡድኖቹ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፦ ስም ይጠየቃል? ካሜራ መክፈት የግድ ነው?

አብሮህ የሄደ፦

ወንድሜ፣ ሲሙን ለአማካሪው ይዘህለት ሂድ፣ እዚያው ጣሉት። እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

ቡድኖቹ ብዙ ናቸው። 12 እርምጃዎችን ተከትለው ከሱስ ለመላቀቅ የሚሠሩት ከአልኮል ሱሰኞች ማኅበር የወረዱ ናቸው። ሴክስ አዲክትስ አኖኒመስ በ1977 እ.ኤ.አ. ነው የተጀመረው። እዚያ ከምን እንደምትታቀብ፣ ከቡድኑ ውስጥ ቀድሞህ ከገባ ረዳትህ ጋር ሆነህ ራስህ ታወጣለህ። ሴክሳሆሊክስ አኖኒመስ ደግሞ ጠበቅ ይላል፤ ከትዳር ጓደኛ ጋር ካልሆነ በቀር ሁሉንም ይከለክላል። የሚስማማህን አይተህ ምረጥ። ለሚስቶችና ለባሎችም ኤስ አኖን የሚባል አለ፣ ቀኑ ሲደርስ ለባለቤትህ ትነግራታለህ።

ክፍያ የለም፣ መዋጮ በፈቃድ ነው። ስምህን ሙሉ ማንም አይጠይቅህም፣ የፈለግከውን ስም ተጠቀም። በስልክ ብቻ የሚካሄዱ ስብሰባዎች አሉ፣ እነሱ ላይ ካሜራ የሚባል ነገር የለም። በቪዲዮ የሚካሄዱት እንደየቡድኑ ነው፣ ከመግባትህ በፊት ጠይቅ። የመጀመሪያ ቀን "ዛሬ ለማዳመጥ ነው የመጣሁት" ካልክ ማንም አያስገድድህም።