ክርክር ከጅማ፦ ልጆች ጫካውንና አውሬውን በራሳቸው ይመርምሩ ወይስ ይቅርባቸው?

የ5ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጉዳይ ላይ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ። የልጄ መምህር ለክፍሉ የምርምር ሥራ ሰጥቷል። እያንዳንዱ ልጅ በጅማ ዙሪያ የሚኖር አንድ የዱር እንስሳ ይመርጣል። የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚበላ፣ ሰው ሲያጋጥመው ምን እንደሚያደርግ ከመጽሐፍም ከሰውም ጠይቆ ይጽፋል። የመጨረሻው ገጽ «ጫካ ውስጥ ብጠፋ ምን አደርጋለሁ?» የሚል ነው። ሥራው ሲያልቅ ልጆቹን በለጠ ጫካ ሊወስዷቸው አስበዋል። የወላጆች ስብሰባ ላይ ነገሩ ከባድ ክርክር አስነሳ። ገሚሱ «ትምህርት ማለት ይሄ ነው» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ልጆቻችንን ለአውሬ ልትሰጡ ነው ወይ?» ብሎ ተቆጣ።

እኔ ደጋፊ ነኝ። ልጄ ከቴሌቪዥን ስለ ታይገር ብዙ ታውቃለች። ታይገር የእስያ እንስሳ ነው፤ በአፍሪካ ዱር የለም። ጉሬዛ ግን እዚሁ አጠገባችን ነው። ስለ እሱ የምታውቀው ጥቁርና ነጭ መሆኑን ብቻ ነበር። ለሥራው እሱን መረጠች። አውራ ጣቱ የለም በሚባል ደረጃ አጭር መሆኑን ስታነብ «ታዲያ ቅርንጫፉን በምን ይይዛል?» ብላ ያዘችኝ። ሄዳ ፈለገች። አራቱን ጣቶቹን እንደ መንጠቆ አጥፎ ቅርንጫፉን እንደሚይዝ አገኘች። ቀጠለችና «ቅጠል ብቻ በልቶ እንዴት ይጠግባል?» አለች። ሆዱ የተከፋፈለ መሆኑን፣ ቅጠሉም እዚያ ውስጥ ቆይቶ በጥቃቅን ተህዋስያን እንደሚብላላ አነበበች። ከአንዱ ጥያቄ ወደ ሌላው የሄደችው ማንም ሳያዛት ነው። ይህን ከልጆቻችን የምንከለክልበት ምክንያት አይታየኝም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ነጋዴ አባት፣ ከመርካቶ፦

እህቴ፣ ሐሳብሽ ደግ ነው። እኔ ግን አልስማማም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም 3.3 ነበር። ይሄ በመላ ሀገሪቱ ነው። ቤቱ እየተቃጠለ ስለ ከርከሮ ጥርስ እንጻፍ ነው የምትሉኝ? ልጄ ሂሳብና እንግሊዝኛውን አጥብቆ ይያዝ።

ሌላም አለ። ትምህርት ቤት «ምርምር» ሲል ሥራው የሚወድቀው ወላጅ ላይ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውዬ ማታ ኢንተርኔት ቤት ተሰልፌ ፎቶ በከለር አሳትማለሁ። ካርቶን ግዛ፣ ሙጫ ግዛ። ልጁ ስሙን ብቻ ይጽፍበታል። ስማርት ስልክ የሌለው ቤትስ ምን ይሁን?

የባዮሎጂ መምህር፦

ወንድሜ፣ ስለ ፎቶውና ስለ ካርቶኑ ያልከው እውነት ነው። ከኢንተርኔት ገልብጦ በከለር ማሳተም ምርምር አይደለም። ያንን የሚጠይቅ መምህር ካለ ወላጅ «አይሆንም» ማለት አለበት። ለ10 ዓመት ልጅ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው። ጥያቄውን ይጻፍ። ሁለት ሰው ይጠይቅ። አንድ መጽሐፍ ያንብብ። መልሶቹ ካልተስማሙ ሁለቱንም ይጻፍና ለምን እንደተለያዩ ያስብ። የሆነ ነገር በዓይኑ ካየ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ያስፍር። በቃ።

ፈተናውን ግን ከዚህ ባትለየው እመርጣለሁ። ሽምደዳ ብቻ ሲሆን ጥያቄው ትንሽ ዞር ብሎ ሲመጣ ልጁ ግራ ይገባዋል። ይህን በየዓመቱ ክፍል ውስጥ አያለሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማን አስታውሱ። በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ነበር። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ናቸው። ያን ወንዝ ስንት ሰው አልፎበታል! እሱ ግን ቆሞ «ለምን ሞቱ?» አለ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሠራበት። እኔ ለተማሪዎቼ የምመኘው ያችን ጥያቄ ነው። ከጉሬዛ ብትጀምር ምን ችግር አለው?

ከሸቤ ሶምቦ፦

እኔ ያደግኩት በለጠ ጫካ ዳር ነው። ለከተማ ሰው እንግዳ የሆነው ነገር ለእኛ ልጆች የዕለት ኑሮ ነው። በቆሎ ሲደርስ ቀን ዝንጀሮ፣ ማታ የጫካ አሳማ ይመጣል። ልጆች ማማ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። በዚህ ምክንያት ከትምህርት የሚቀሩ አሉ። ያ ልጅ የአሳማን ዱካ ከከርከሮ ዱካ ይለያል። ጦጣ ስትጮህ ለምን እንደምትጮህ ያውቃል። ጥርኝ በየት በኩል እንደምታልፍ ያሳያችኋል። ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ይህን ሁሉ እውቀት ማንም አይጠይቀውም። እንደ እውቀትም አይቆጠርለትም። ይሄ ያመኛል።

ስለዚህ ምርምሩን እደግፋለሁ፤ ግን በአንድ ነገር። የከተማ ልጆች በአውቶቡስ መጥተው፣ ፎቶ ተነስተው፣ ብስኩት በልተው፣ ፕላስቲኩን ጥለው የሚሄዱ ከሆነ ይቅር። ከመጡ ከእኛ ልጆች ጋር ይቀመጡ። ደብተራቸውን ይዘው የእኛን አባቶች ይጠይቁ። ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የበለጠና የጌራ ጫካ ላይ ነዋሪው በማህበር ተደራጅቶ ጫካውን የሚጠብቅበት ሥራ ከጃፓኑ የልማት ድርጅት ከጃይካ ጋር ተጀምሮ ነበር። ጫካውን የሚያውቀው ሰው ኢንተርኔት ላይ ሳይሆን እዚህ ነው ያለው። ጅማ ያለ ልጅ አውሬ የሚያየው ጠላት ወይም መጫወቻ አድርጎ ነው። የጫካ ቡናችን ከነዚህ ዛፎች ጥላ ሥር እንደሚበቅል፣ ዛፎቹ ደግሞ ወፍና ዝንጀሮ በሚበትኑት ዘር ጭምር እንደሚተኩ አይቶ ይሂድ።

የሦስት ልጆች እናት፦

ሁላችሁም ቆንጆ ቆንጆ ነገር ትናገራላችሁ። እኔ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ጉዞው ላይ ስንት ልጅ ነው የሚሄደው? ስንት አዋቂ አብሮ ይሄዳል? አንድ መምህር ለ60 ልጅ ከሆነ ልጄን አልሰጥም። ልጅ ከረድፉ ለመውጣት አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ቢወድቅ፣ እባብ ቢነድፈው በየትኛው መኪና ነው የሚመጣው? እስካሁን ይህን የመለሰልኝ የለም። ደጋፊዎች ስለ እውቀት ታወራላችሁ። እኔ የማወራው ስለ ልጄ ሕይወት ነው።

ነርስ፣ ጤና ጣቢያ የምሠራ፦

የሦስት ልጆች እናት፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። እኔ ግን ከጉዞው ይበልጥ የምፈራው ሌላ ነገር አለ። ልጆች «ጫካ ውስጥ እንዴት እንተርፋለን» ብለው ዩቲዩብ ላይ ሲፈልጉ የሚያገኙት። እባብ የነደፈውን ቦታ በምላጭ ብጣ፣ መርዙን በአፍህ ምጠጥ፣ እግሩን በገመድ ጥብቅ አድርገህ እሰር ይላቸዋል። ሦስቱም ጉዳት ናቸው። የተነደፈ ሰው መረጋጋት አለበት። የተነደፈው እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ ይደረጋል። ቀለበትና አምባር ካለ ሳያብጥ በፊት ይወልቃል። ከዚያ ቶሎ ወደ ሕክምና። እባቡን ለመግደል ማሳደድ ሁለተኛ ሰው ማስነደፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 (እ.ኤ.አ.) የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች መካከል በቅድሚያ ከሚታዩት መድቦታል። እዚህ አካባቢ እርሻ ላይ የሚውል ሰው ሁሉ ይመለከተዋል።

ሁለተኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እዚህ ሀገር በአብዛኛው ከውሻ ይመጣል። ቀበሮም፣ ሌላ የዱር አውሬም ሊያስተላልፈው ይችላል። ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል። በዚያው ቀን ለክትባት ይመጣል። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የሚያሳዝነው ደግሞ ልጆች ግርፊያ ፈርተው ንክሻውን ይደብቃሉ። እናቶች፣ አባቶች፣ እባካችሁ ይህን ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ «ከተነከስክ አልቆጣህም፣ ንገረኝ» በሏቸው።

ስለዚህ እኔ የምደግፈው በአንድ ሁኔታ ነው። የአውሬውን ኑሮ ልጁ በራሱ ይመርምር። የነፍስ ማዳኑን ክፍል ግን ልጁ ያገኘውን መልስ የጤና ባለሙያ አይቶ ያርመው። ትክክል ያልሆነው ክፍል ውስጥ ተነብቦ «ይሄ ለምን ስህተት ሆነ?» ይባል። ልጆች ሐሰተኛ መረጃን መለየት የሚማሩት እንዲህ ነው።

ጡረተኛ፣ ከጅሬን በኩል፦

ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ የኖርኩ ነኝ። እኛ ጫካን የተማርነው በወረቀት አይደለም። ከአባቶቻችን ኋላ ኋላ እየሄድን ነው። ጅብ ሲያጋጥም እንዳትሮጥ፣ ዞረህ ጀርባህን እንዳትሰጠው የተባልነው በቃል ነው። ውሃ ዳር ስትሄድ በጉማሬና በውሃው መካከል እንዳትገባ ይባል ነበር። ቦዬ በኩል ጉማሬ እንዳለ ታውቃላችሁ። ደብተር ላይ የተጻፈ ነገር እግር ሲንቀጠቀጥ አይታወስም። ይሄ የምርምር ነገር ልጁን «አውቃለሁ» አሰኝቶ እንዳያዳፍረው እሰጋለሁ። ፍርሃትም ይጠብቃል።

ወጣት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎ። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ኮሎምቢያ ውስጥ፣ አማዞን ጫካ ላይ ትንሽ አውሮፕላን ወደቀ። አራት ወንድምና እህት ከ40 ቀን በኋላ በሕይወት ተገኙ። ትልቋ 13 ዓመቷ ነበር። ትንሹ ሲወድቁ ገና ዓመት አልሞላውም። ከአውሮፕላኑ የካሳቫ ዱቄት ይዘው ወጡ። ሲያልቅባቸው የሚያውቁትን የጫካ ፍሬ በሉ። እውቀት ነው ያተረፋቸው። የእኛ የከተማ ልጅ እንጆሪን ከመርዛማ ፍሬ ይለያል?

ጡረተኛ፣ ከጅሬን በኩል፦

ልጄ፣ ተባረክ። ግን ያመጣኸው ታሪክ የእኔን ነገር ነው የሚያስረዳው። እነዚያ ልጆች የዚያው ሀገር ነባር ተወላጆች ናቸው። ፍሬውን ያወቁት ከአያታቸው ነው። የቤት ሥራ አይደለም ያስተማራቸው።

የ5ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦

አባባ፣ እዚህ ላይ እስማማለሁ፤ ግን የልጄ አያት በሕይወት የለችም። እኔም ከተማ ነው ያደግኩት። ልጄ ከማን ኋላ ትሂድ? ይሄ የቤት ሥራ እኮ «እርስዎን የመሰለ ሰው ፈልገሽ ጠይቂ» የሚል ነው። እርስዎ አሁን ስለ ጅብና ስለ ጉማሬ የነገሩን፣ ልጄ መጥታ ብትጠይቅዎ ደብተሯ ላይ ይገባል። ካልተጠየቀ ከእርስዎ ጋር ይቀራል። የቃሉ ትምህርት የቆመው ልጆች ስላመፁ ሳይሆን ኑሯችን ስለተለወጠ ነው።

ነርስ፣ ጤና ጣቢያ የምሠራ፦

በኮሎምቢያው ታሪክ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ፈላጊዎቹን በጣም ያስቸገራቸው ልጆቹ ቦታ እየቀያየሩ መሄዳቸው ነበር። ወታደሮቹ የአያትየውን ድምፅ በራሳቸው ቋንቋ ቀድተው ከሄሊኮፕተር ላይ ያሰሙ ነበር፤ «ባላችሁበት ቁሙ» የሚል። አሜሪካ ውስጥም ሳን ዲዬጎ አካባቢ በ1981 (እ.ኤ.አ.) አንድ ልጅ ጠፍቶ ከሞተ በኋላ ለሕፃናት የተጀመረ ትምህርት አለ። ዋናው ነገሩ «ከጠፋህ አንድ ዛፍ ይዘህ እዚያው ቆይ» ነው። የ5ኛ ክፍል ልጅ ስለ ጫካ አንድ ነገር ብቻ ያስታውስ ቢባል እኔ ይህን እመርጣለሁ። እሳት ማንደድ፣ አሳ ማጥመድ፣ ቅጠል መቅመስ ይቅር። በተለይ የማያውቁትን ፍሬና እንጉዳይ አፍ ውስጥ ማስገባት ፈጽሞ አይሆንም። አስተናግርን የመሰለ መርዛማ ተክል እኮ በየመንገዱ ዳር ነው የሚበቅለው።

ነጋዴ አባት፣ ከመርካቶ፦

የእብድ ውሻውን ነገር ለልጄ ነግሬዋለሁ፤ እህቴ ነርሷ፣ አላህ ይስጥሽ። በትምህርቱ ጉዳይ ግን እዚያው ነኝ። ይህን ለመማር የጫካ ጉዞ አያስፈልግም። የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት አለ፤ እዚያ ውስጥ አንድ ሳምንት ይስጡት። የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ግን እንዳይነኩ።

የባዮሎጂ መምህር፦

በአካባቢ ሳይንስ ውስጥ ይሁን ማለትህ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ቦታውም እዚያ ነው። ሂሳቡን ግን ከውስጡ አታውጣው። ልጁ ጠዋት ለግማሽ ሰዓት የታዩትን ጦጣዎች ቆጥሮ ከማታው ጋር ካነጻጸረ ሂሳብ ሠርቷል። ይህን ለማድረግ ደግሞ በለጠ ድረስ መሄድ የለበትም። ከግቢ አጥር ላይ መጀመር ይችላል።

ከሸቤ ሶምቦ፦

ከአጥር ይጀመር፤ እስማማለሁ። ግን እዚያው አይቅር። ጫካን ከአጥር ላይ የተማረ ልጅ አድጎ ስለ ጫካችን በቢሮ ሲወስን ምን እንደሚያጠፋ አያውቅም። ወደ እኛ ለመምጣት ክረምቱ ይለፍ። ዝናቡ ሲበዛ መንገዱ ያስቸግራል፤ ዱካም አይቆይም። በበጋ ኑ። ጫካውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ከፊትም ከኋላም ይሆናሉ።

የ5ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦

ሰኞ መምህሩን አነጋግራለሁ። ሦስት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ ኅትመትና ካርቶን እንዲቀር፤ ደብተር ብቻ። ሁለተኛ፣ «ብጠፋ ምን አደርጋለሁ» የሚለውን ገጽ የጤና ባለሙያ እንዲያየው። ሦስተኛ፣ ጉዞው ለበጋ እንዲተላለፍ። ነጋዴው ወንድማችን እንዳልተስማማ አውቃለሁ፤ ያነሳው የወጪ ጥያቄ ግን የመጀመሪያው ነጥቤ ሆኗል። አባባ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ልጄን ቅዳሜ ከሰዓት ይዣት እመጣለሁ። ስለ ጅቡ የምትጠይቅዎ ብዙ ነገር አላት።

የሦስት ልጆች እናት፦

አራተኛ ጨምሪበት። ለስንት ልጅ ስንት አዋቂ እንደሚመደብና መኪናው ጫካው ዳር ቆሞ እንደሚጠብቅ በጽሑፍ ይስጡን። እኔ ለአንድ አዋቂ ከስድስት ልጅ በላይ አልቀበልም። ያ ወረቀት ከመጣ እፈርማለሁ፤ ቦታ ካለም አብሬ እሄዳለሁ። ካልመጣ ልጄ ደብተሩን ይሙላ፣ ጉዞው ግን ይቀራል።

የ5ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦

ጨምሬዋለሁ። ስምሽንም አብረው ከሚሄዱት ወላጆች ጋር ልጻፈው?

የሦስት ልጆች እናት፦

ጻፊው።