የቤት ገበና የፎቶ ክፍል ሥራ ይሁን? (ክርክር)

አወያይ፦ ጉዳዩ እንዲህ ነው። ፎቶግራፍ የሚማሩ ወጣቶች «እኔ ማን ነኝ? ወገኔስ ማን ነው? አካባቢዬን የሚያስጨንቀው ምንድን ነው?» በሚሉ ጥያቄዎች ላይ ሥራ ይሰጣቸዋል። ልጆቹም ካሜራቸውን ወደሚያውቁት ነገር ያዞራሉ። አንዷ የታመመች አያቷን ታነሳለች። ሌላው ሥራ ያጣ አባቱን። ሌላዋ መስታወት ፊት ቆማ ራሷን። ሥራው ይታረማል፣ ማርክ ያገኛል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ብዙ ጊዜም ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። እንዲህ ያለ ሥራ ለሕዝብ ይታይ ወይስ ክፍል ውስጥ ይቅር? እኔ ልጆቹ ይሥሩ ባይ ነኝ። ይታይ አይታይ የሚለውን ማን ይወስን በሚለው ላይ ግን በተለመደው አሠራር አልስማማም። መጀመሪያ እናንተን ልስማ።

የፎቶ መምህርት፦ ይታይ። ተማሪ አበባና የፀሐይ መጥለቂያ ብቻ እያነሳ ፎቶግራፍ አይማርም። ፎቶ ማንሳት ምርጫ ነው፤ ምን ላስገባ፣ ምን ልተው ማለት ነው። ይህን ደግሞ ልጁ የሚማረው ግድ በሚሰጠው ነገር ላይ ነው። አሜሪካዊቷን ፎቶ አንሺ ዌንዲ ኢዋልድን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ኬንታኪ ተራሮች ውስጥ ለሚኖሩ ልጆች ካሜራ አስያዘቻቸው። ራሳችሁን አንሱ፣ ቤተሰባችሁን አንሱ፣ እንስሶቻችሁን አንሱ፣ ህልማችሁን አንሱ አለቻቸው። ያን አካባቢ ከውጭ የመጡ ፎቶ አንሺዎች የድህነት ማሳያ አድርገውት ቆይተዋል። ልጆቹ ግን ህልማቸውንና ጨዋታቸውን አነሱ፤ ስለ ራሳቸው ራሳቸው ተናገሩ። ያ ሥራ መሳቢያ ውስጥ ቢቀር ኖሮ፣ ዓለም ስለነሱ የሚያውቀው የእንግዶቹን ፎቶ ብቻ ነበር።

የሁለት ልጆች አባት፦ መምህርት፣ ያሉት ገብቶኛል። ግን አንድ ነገር ዘለሉ። ህልሙን ያነሳ ልጅ የራሱን ነው የሰጠው። አባቱን ያነሳ ልጅ የሰጠው ግን የአባቱን ነው። ገበና የሚባል ነገር አለ። በአንድ ቤት ውስጥ ያለ ችግር የልጁ ብቻ አይደለም። እኔ ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩበትን ጊዜ ልጄ አንስቶ ቢሰቅለውና የሚያውቁኝ ሰዎች ቆመው ቢያዩት፣ ልጄን አልጠላውም። ግን ከዚያ በኋላ ቤቴ ውስጥ እንደ ልቤ አልቀመጥም። ደግሞ ልጅ ሲለምንህ እምቢ ማለት ይከብዳል። ነገ የሚያስረክበው ሥራ ነዋ! ማርኩን ላሳጣው? በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆኜ «እሺ» ብል ፈቃድ ሊባል ይችላል?

ተማሪ፣ 17 ዓመቷ፦ ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ ሥራ አሁን እየሠራሁ ያለሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እናቴ የሌሊት ሠራተኛ ናት፤ ቢሮ ታጸዳለች። የምንገናኘው እሷ ስትገባ፣ እኔ ስወጣ፣ በር ላይ ነው። የመጀመሪያ ፎቶዬም እዚያው በር ላይ ነው። አንድ ጫማዋን አውልቃ፣ ሌላውን ሳታወልቅ፣ ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ብርሃኑ በጣም ያምራል። አሳየኋት። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ «እኔ ነኝ፤ ግን ሰው ፊት የምቀርበው እንዲህ ሆኜ አይደለም» አለችኝ። በዕረፍት ቀኗ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ወንበር ላይ ተቀመጠችና «በይ አሁን አንሺኝ» አለች።

ተናደድኩ። የውሸት መሰለኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ደጋግሜ ሳያቸው ግን ስለ እናቴ ይበልጥ የነገረኝ ሁለተኛው ሆነ። የመጀመሪያው ድካም ነው፤ ድካም ደግሞ የማንም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ላይ አገጯን ቀና ያደረገችበት ሁኔታ የሷ ብቻ ነው። ጋሼ፣ እምቢ ማለት ይከብዳል ያሉት እውነት ነው። እናቴም እምቢ አላለችኝም። ሌላ ፎቶ ሰጠችኝ።

ጡረታ የወጣ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ፦ ልጄ፣ እናትሽ ያደረገችው ነገር በፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ሴይዱ ኬይታ የሚባል ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1948 በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ውስጥ ስቱዲዮ ከፈተ። ሙሉ ልብስ፣ ሰዓት፣ ሬዲዮ እያዋሰ ደንበኞቹን ያነሳ ነበር። ተነሺው መታየት በሚፈልገው መልክ ይቀመጣል። ያ ፎቶ ውሸት ነው ያለ ሰው የለም። ዛሬ በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች ውስጥ ይገኛል።

ሌላውን ገጽ ደግሞ ላሳያችሁ። ዶሮቲያ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ አተር ለቃሚዎች የሰፈሩበት ቦታ ደርሳ፣ ድንኳን ሥር የተቀመጠች አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር አነሳች። ስሟን አልጠየቀቻትም። ታሪኩ በጋዜጣ ወጣ፣ ወደ ሰፈሩም ምግብ ተላከ። ሴትዮዋ ግን ያኔ ከዚያ ሄዳ ነበር። ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምፕሰን መሆኗ በይፋ የታወቀው በ1978 ነው። ከ42 ዓመት በኋላ! ፊቷ የአንድ ዘመን ችግር ምልክት ሆኖ ሲዞር ከፎቶው ሽያጭ ምንም አላገኘችም። በመነሳቷም ታዝን ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔም በሙያዬ ስማቸውን ሳልጠይቅ ያነሳኋቸው ሰዎች አሉ። እስካሁን ፊታቸው ይመጣብኛል።

የፎቶ መምህርት፦ ያሳዝናል፣ አልክድም። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሉዊስ ሃይን እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ በአሜሪካ ፋብሪካዎችና ማዕድን ማውጫዎች የሚሠሩ ሕፃናትን አነሳ። ባለቤቶቹ እንዳያባርሩት ሌላ ሰው መስሎ ይገባ ነበር። የልጆቹን ቁመት በራሱ ኮት ቁልፎች ይለካል፣ ማስታወሻውን ደብቆ ይጽፋል። አገር አቀፍ የሕፃናት ሥራ ገደብ በሕግ የጸናው በ1938 ነው። ፎቶ ብቻውን አላመጣውም። ግን ያን ፎቶ ያየ ሰው «አላውቅም ነበር» ማለት አልቻለም።

የጋዜጣ ፎቶ አንሺው፦ ሃይን ያስከፈተው የፋብሪካውን በር ነው፣ የልጁን እናት መኝታ ቤት አይደለም። ልዩነቱ ይታይዎት።

የትምህርት ቤት አማካሪ፦ እኔ ስለ ማርኩ ልናገር፤ ክርክሩ እሱን ቶሎ አለፈው። ዝርዝሩን ባልናገርም ልጆች ቢሮዬ መጥተው የነገሩኝ ነገር አለ። «የኔ ሕይወት በቂ ችግር የለውም፣ ምን ላንሳ?» ያለኝ ልጅ አለ። ሌላዋ ደግሞ የደረሰባትን ሁሉ ካላወጣች ጥሩ ውጤት የማታገኝ መስሏት ነበር። መከራ መመዘኛ ሲሆን ልጆች በመከራ ይወዳደራሉ። መምህርት፣ እርስዎ እንደዚያ አስበው እንደማይሰጡ አምናለሁ። ልጆቹ ግን የትኛው ሥራ እንደሚጨበጨብለት ያያሉ።

የፎቶ መምህርት፦ ይህን እቀበላለሁ። ዘንድሮ የሥራውን ትእዛዝ ቀይሬዋለሁ። «ችግርህን አሳይ» የሚለው ወጥቷል። የምመዝነው ብርሃኑን፣ አቀማመጡን፣ የፎቶዎቹን ቅደም ተከተልና ልጁ ስለ ምርጫው የሚሰጠውን ምክንያት ነው። እጅ፣ ጥላ፣ በር፣ የተተወ ወንበር ያነሳ ልጅም እኩል ይታረማል። ፊት ሳይታይ ስንት ነገር ማለት እንደሚቻል ብታዩ!

የቀድሞ ተማሪ፦ ስለ ሌሎች ብዙ አልን። ራሱን ያነሳ ልጅስ? በ16 ዓመቴ ስለ ሕመሜ ተከታታይ የራስ ምስሎች ሠራሁ። ማንም አላስገደደኝም። በጣም ኮርቼባቸው ነበር፤ ሥራውን በመሥራቴ አሁንም አልጸጸትም። ተማሪ ቤቱ ኢንተርኔት ላይ አወጣው፣ ከሙሉ ስሜ ጋር። ዛሬ ሥራ ባመለከትኩ ቁጥር ስሜን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ነው። እንዲያወርዱልኝ ጠየቅኩ። አወረዱት። ግን ሌሎች ቀድተው ወስደውታል። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚባለው ለዚህ ነው። በ16 ዓመት የፈቀድኩትን በ26 ዓመት አልፈቅደውም። ያኔ ግን «ይህ ነገር አሥር ዓመት ይከተልሻል» ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

የሁለት ልጆች አባት፦ እህቴ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ነበር የፈራሁት። ግድግዳው ያን ያህል አያስፈራኝም። ኤግዚቢሽን ያልቃል፣ ፎቶው ይወርዳል። ኢንተርኔቱ ነው።

አወያይ፦ እንግዲህ የኔን ልበል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ብታዩ ሁለታችሁም ደጋፊ ታገኛላችሁ። አንቀጽ 13 ልጅ ሐሳቡን በሥነ ጥበብም ጭምር የመግለጽ መብት አለው ይላል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ የሌሎች መብትና ክብር ሊጠበቅ እንደሚገባ ተጽፏል። አንቀጽ 16 ደግሞ የልጁን የራሱን ገበና፣ ቤተሰቡንና ቤቱን ይጠብቃል። ስለዚህ «መብቱ ነው» ብሎ ክርክሩን መዝጋት አይቻልም።

የሚያግባባ መንገድ ያየሁት ፎቶቮይስ በሚባለው ዘዴ ነው። ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን ቡሪስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቻይና ዩናን ግዛት ከገጠር ሴቶች ጋር የጀመሩት ነው። ሴቶቹ ኑሯቸውን አነሱ፣ ስለ ፎቶዎቹ ተሰብስበው ተወያዩ፣ መፍትሔ ሊሰጡ የሚችሉ ሰዎችም እንዲያዩት ተደረገ። በዚህ ዘዴ ከካሜራው በፊት ስለ ሥነ ምግባር ንግግር ይደረጋል። ማንን ማንሳት ይቻላል? ሳያውቅ የተነሳ ሰውስ? በተማሪ ቤት ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ካሜራ ይሰጣል፣ ፎቶው ከተሰቀለ በኋላ ነው ጥያቄው የሚመጣው።

እኔ የምለው ፈቃድ ሁለት ጊዜ ይጠየቅ ነው። አንዴ ሲነሳ፣ አንዴ የተመረጠውን ፎቶ ታትሞ ከነጽሑፉ ሲያዩት። ሰው ካሜራ ፊት ሲቆም የትኛው ቅጽበት እንደሚመረጥ አያውቅም። ሁለተኛው ፈቃድ ማርክ ከተሰጠ በኋላ ይሁን፤ ያኔ አባትዮው ያሉት ጭንቀት ይቀላል። ግድግዳና ኢንተርኔት ደግሞ ለየብቻ ይጠየቁ። ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው ያለ ሙሉ ስም ይሁን። በስልክ የተነሳ ፎቶ ብዙ ጊዜ የተነሳበትን ቦታ በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ ይህ ይጥፋ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የአንድን ልጅ ቤት ለማንም ከማሳየት ያድናል።

ተማሪዋ፦ በብዙው እስማማለሁ። ግን ፈቃድ የሚጠየቀው ሰው ራሱ ጉዳት አድራሹ ቢሆንስ? ልጅቷ የምታነሳው የሚደበድባትን ሰው ቢሆን፣ እሱ ይፈቅዳል?

የትምህርት ቤት አማካሪ፦ አይፈቅድም። እንዲህ ያለ ፎቶ ሲመጣ ጉዳዩ የኤግዚቢሽን መሆኑ ያበቃል። ፎቶውን ያየ መምህር በዚያው ቀን ልጅቷን ሊጠብቅ ለሚችል ሰው ማሳወቅ አለበት። ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ሕዝቡ ያዝናል፣ ማታ ግን ወደዚያው ቤት የምትመለሰው እሷ ናት።

የፎቶ መምህርት፦ ለዚያች ልጅ ያሉት ልክ ነው። ሁልጊዜ ግን አይሠራም። ችግሩ ቤት ውስጥ ሳይሆን ሊረዳ የሚገባው መሥሪያ ቤት ውስጥ ቢሆንስ? ላቶያ ሩቢ ፍሬዘር በአሥራዎቹ ዕድሜ ጀምራ ብራዶክ በምትባል የአሜሪካ የብረት ፋብሪካ ከተማ እናቷን፣ አያቷንና ራሷን አነሳች። ሕመማቸውን ከፋብሪካው ብክለትና ከከተማዋ ሆስፒታል መዘጋት ጋር አገናኘችው። ይህን ለማን በጓሮ ታሳውቅ? አደባባይ መውጣት ነበረበት። ግን እናቷ ተነሺ ብቻ አልነበረችም። ካሜራውን ተቀብላ ልጇን ታነሳ ነበር። እኔ ለተማሪዎቼ የምፈልገው እንዲህ ዓይነቱን ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦ ልጄ ካሜራውን አንድ ቀን ለኔ ቢሰጠኝ ነገሩ ይለያል። እሱን የማይበት መንገድም አለኝ። ኢንተርኔቱን ግን አሁንም አልፈቅድም።

የፎቶ መምህርት፦ እሱ ላይ አንስማማም። የማይታይ ሥራ ለልጆቹ የቤት ሥራ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አወያይ፦ ልጄ፣ አንቺስ ሁለቱን ፎቶ ልትሰቅይ ነው?

ተማሪዋ፦ አይ። የበሩን ፎቶ እናቴ ወስዳ አልበሟ ውስጥ አስገብታዋለች። የሚሰቀለው ሁለተኛው ነው። ከሥሩ ስሟን ራሷ በእጇ ጽፋልኛለች።