ለእናቴ ሚዛን የቪዲዮ ጌም ስፖርት ይረዳታል ወይ?

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 73 ዓመቷ ነው። ከአዲስ አበባ መጥታ ሜሪላንድ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ባለፈው ወር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀች። ፈጣሪ ይመስገን፣ ስብራት የለም። ከዚያ ወዲህ ግን ፈርታለች፤ ግድግዳ ሳትይዝ አትራመድም። በዊንተሩ ምክንያት ከቤትም አትወጣም። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች።

ልጄ ኔንቴንዶ ስዊች የሚባል የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ አለው። በቪዲዮ ጌም ስፖርት የሚሠሩ አረጋውያን ሚዛናቸው ይሻሻላል ሲባል ሰማሁ። እውነት ይረዳታል? እንግሊዝኛ አታነብም። ከየት ልጀምር?

መልስ (ፊዚዮቴራፒስት)

እግዜር ይማርልሽ፣ እህቴ። ሥራዬ ከአረጋውያን ጋር ነው። ጌሙ ሊረዳቸው ይችላል፤ መጀመሪያ ግን ለምን እንደወደቁ ይታወቅ። ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በዓይኑ፣ በውስጠኛው ጆሮውና ከእግሩ በሚመጣው ስሜት ነው። አንዱ ሲደክም ሌሎቹ ያግዙታል። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል። የግፊት መድኃኒት ደግሞ ብድግ ሲሉ ሊያዞር ይችላል። መድኃኒቶቻቸውን በሙሉ ይዘሽ ሐኪማቸው ጋ ውሰጃቸው። ግፊታቸው ተኝተውም ቆመውም ይለካ።

ቤት ውስጥ ይህን ማየት ትችያለሽ። ከወጥ ቤቱ ባንኮኒ አጠገብ ይቁሙ፣ አንቺም ከጎናቸው ሁኚ። የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር አስነክተው 10 ሰከንድ መቆም ካልቻሉ የመውደቅ ስጋታቸው ከፍ ያለ ነው። እንዲህ ከሆነ ፊዚዮቴራፒስት ሳያያቸው ጌም አታስጀምሪያቸው።

ስለ ጥቅሙ ሲድኒ፣ አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ ጥሩ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ 769 ሰዎች ነበሩበት። አንዱ ቡድን ቤቱ ሆኖ፣ የሚረገጥ ምንጣፍ ላይ እየተራመደ ቲቪ ላይ ጌም ተጫወተ። ሁለተኛው ተቀምጦ በእጁ ተጫወተ። ሦስተኛው መረጃ ብቻ ተሰጠው። በአንድ ዓመት ውስጥ በእግራቸው የተጫወቱት ሰዎች የመውደቅ መጠን ከሦስተኛው ቡድን በ26 በመቶ አነሰ። ተቀምጠው የተጫወቱት ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ስለዚህ ጌም ስትመርጪ አንድ ነገር ጠይቂ፦ እግራቸውን ያስነሳል ወይ? ለጥናቱ ሰዎች የታዘዘላቸው በሳምንት 120 ደቂቃ ነበር። እናትሽ ግን በቀን ከ10 ደቂቃ ይጀምሩ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ ያለው ሪንግ ፊት የሚባለው፣ ቀለበት ይዘው ስፖርት የሚሠሩበት የስዊች ጌም ነው። እሱን ላስጀምራት?

መልስ (ከዳላስ)

ሪንግ ፊት ለጀማሪ አረጋዊ ይከብዳል። ቀለበቱ በሁለት እጅ ነው የሚያዘው። ታዲያ ሲንገዳገዱ በምን ይደገፋሉ? የጌሙ ጀብዱ ደግሞ ይፈጥናል፣ ጽሑፍም ይበዛበታል። ስዊች ስፖርትስ በሚባለው ጌም ውስጥ ያለው ቦውሊንግ (ኳስ የመወርወር ጨዋታ) ይሻላቸዋል። በአንድ እጅ ይወረውራሉ፣ በሌላው ጠንካራ ወንበር ይይዛሉ። የመቆጣጠሪያውን የእጅ ማሰሪያ ግን አትርሱ። እየለመዱ ሲሄዱ ከውርወራው ጋር አንድ እርምጃ ወደፊት ይጨምሩ።

አባቴ የሠራው ዊ በሚባለው አሮጌ የኔንቴንዶ ማጫወቻ፣ ላዩ ላይ በሚቆምበት የዊ ፊት ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ከሥሩ 4 ሴንሰሮች አሉት፤ ክብደትህ ወዴት እንዳጋደለ ስክሪኑ ላይ ያሳይሃል። አባቴ አብዛኛውን ክብደቱን በግራ እግሩ ይጥል እንደነበር ያየነው ያኔ ነው። ያለ እሱ ማናችንም ልብ አላልነውም ነበር። ያገለገለ ሰሌዳ ይገኛል፣ ስዊች ላይ ግን አይሠራም፤ ዊ ወይም ተከታዩ ዊ ዩ ያስፈልገዋል። ከመሬት ከፍ ስለሚል ሲወጡና ሲወርዱ ሰው አይለያቸው።

መልስ (የሆም ኬር ነርስ)

እኔ ስለ ቤቱ ልናገር። ቲቪው ፊት ያለው ምንጣፍ ይነሳ፣ ገመድም አይኑር። ነጠላውን ያስቀምጡት፣ ረጅም ቀሚስ ከሆነም ከፍ ብሎ ይታሰር። ስሊፐር አይሆንም፤ ተረከዝ የሚይዝ፣ የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ። ከኋላቸው ግድግዳ የተደገፈ ወንበር ይኑር። ጾመኛ ከሆኑ ሳይበሉ አታሠሯቸው። ካዞራቸው ወይም ደረታቸውን ካመማቸው ወዲያው ይቁም። የደረቱ ሕመም ካልተወ 911 ደውሉ።

እባክሽ መታጠቢያ ቤቱንም አትርሺ። የወደቁት እዚያ ነው። መያዣ ብረት ግድግዳው ላይ ይገጠምላቸው። ፎጣ መስቀያ መያዣ አይደለም፣ ይነቀላል።

እንግሊዝኛውን የልጅ ልጃቸው ያንብብላቸው። የማውቃቸው እናቶች ብቻቸውን ቶሎ ይተዉታል፤ ከልጅ ጋር ሲሆን ግን "ዛሬ አንጫወትም ወይ?" የሚሉት እነሱ ናቸው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)

ጌሙ የሌለንስ? አያቴም እንዲሁ ትንገዳገዳለች።

መልስ (ፊዚዮቴራፒስት)

ወንድሜ፣ ጌም የግድ አይደለም። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግም ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምገማ ከ100 በላይ ጥናቶችን አይቷል። በቤታቸው የሚኖሩ አረጋውያን እንቅስቃሴ ሲሠሩ የመውደቅ መጠናቸው በ23 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በተለይ የሚረዳው ሚዛንን የሚፈትን እንቅስቃሴ ነው። ጠረጴዛ ይዘው ተረከዝ ማንሳት፣ ወደ ጎን መራመድ፣ በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፤ እነዚህን በየቀኑ ይሥሩ።

ጨዋታ ከፈለጋችሁ ሰኞ ማክሰኞ አለላችሁ። ወለሉ ላይ በኖራ ሣሉት፣ ግን ዝላይ የለም። አያትህ በጠንካራ ጠረጴዛ አጠገብ መሐል ይቁሙ፣ ልጁ "ረቡዕ!" ሲል ረቡዕን ረግጠው ይመለሱ። ሲለምዱት ልጁ ያፍጥነው። ዓይን፣ ጆሮ፣ ሐሳብና እግር አብረው ይሠራሉ፤ በሲድኒው ምንጣፍም የሚደረገው ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንተ ግን በክንድ ርቀት ቁም።