ሊኑክስ አድሚን ለመሆን ከየት ልጀምር?

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ አንድ ነገር ምከሩኝ።

አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አይቲ ሰፖርት ነኝ። ውሎዬ የተቀረቀረ የፕሪንተር ወረቀት ማውጣት፣ ዊንዶውስ ፎርማት ማድረግ፣ «ኔትወርክ የለም» ሲሉኝ ገመድ መነካካት ነው። ልቤ ግን ሊኑክስ ላይ ነው። 4 ጊጋ ራም ባላት አሮጌ ላፕቶፕ ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስኬድ ፕሮግራም) ላይ ኡቡንቱ ሰርቨር የተባለውን ሊኑክስ ጭኛለሁ፤ ዴስክቶፕ ስለሌለው ችላዋለች።

ባለፈው ሳምንት በኤስኤስኤች (ሰርቨርን ከርቀት መግቢያ) ያለ ፓስወርድ፣ በቁልፍ ፋይል ለመግባት ስታገል ሦስት ሌሊት አለቀ። ቁልፉ ቦታው ላይ አለ፣ ፐርሚሽኑም 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፍበት) ነው፤ ሰርቨሩ ግን ፓስወርድ አምጣ ይላል። ኋላ ሎጉን ሳየው ለካ ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ሌላ ችግር ልፈታ ብዬ ሆም ፎልደሬን 777 (ለማንም ክፍት) አድርጌው ኖሯል። ማንም ሊጽፍበት በሚችል ፎልደር ውስጥ ያለን ቁልፍ ኤስኤስኤች አያምንም። እኔ ብቻ ወደምጽፍበት 750 ስመልሰው ወዲያው ገባሁ።

ደስ አለኝ፣ ከፋኝም። የምማረው ሁሉ እንዲህ በድንብርብር ነው። ባሽ (ትእዛዝ መጻፊያው) ትንሽ፣ ሲስተምዲ (ሰርቪስ ማስነሻው) ትንሽ፣ ኤልቪኤም (ዲስክ መከፋፈያው) ደግሞ ስሙን ብቻ።

ሬድ ሃት የተባለው የሊኑክስ ካምፓኒ ለሚሰጠው የአድሚን ሰርተፍኬት፣ ለአርኤችሲኤስኤ፣ ልዘጋጅ ወይስ ከሌላው የጀማሪ ሰርተፍኬት፣ ከኤልፒክ 1፣ ልነሳ? የሬድ ሃቱ ፈተና ምርጫ ማክበብ ሳይሆን ሲስተሙ ላይ መሥራት ስለሆነ ይስበኛል፤ መለማመጃውም፣ የሬድ ሃት አምሳያ የሆነው ሮኪ ሊኑክስ፣ ነፃ ነው። ክፍያው ግን በዶላር ነው፣ እኔ ጋ ደግሞ የብር ካርድ ብቻ። ያለ ሰርተፍኬት ጁኒየር ሆናችሁ የተቀጠራችሁ ካላችሁ፣ ኢንተርቪው ላይ ምን ሠርታችሁ አሳያችሁ?