ኮምቦልቻ፦ ጠዋት የሚሠራ ዲሽ እኩለ ቀን ላይ ሲግናል የሚያጣው ለምንድን ነው?

ዲሽ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ እርዱኝ። 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ነው፤ ኢትዮሳት ላይ፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ። ጠዋትና ማታ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬት 45000 ላይ ኳሊቲው (የሲግናሉ ጥራት) ከ60 በላይ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትበረታ ኳሊቲው ወርዶ ወርዶ ምስሉ ይጠፋል፤ ስትሬንግዙ (የሲግናሉ ጉልበት) ግን ንቅንቅ አይልም። አመሻሽ ላይ ማንም ሳይነካው ይመለሳል።

አቅጣጫው ልክ ነው፦ ከሰሜን በቀኝ ዞሮ 122 ዲግሪ፣ ከፍታው 66 ገደማ። በዚህ ከፍታ የኛ ተራራ አይከልለውም። ኤልኤንቢውም (ዲሹ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) 57 ዲግሪ ያህል ተጠምዝዟል (ቀጥ ብሎ ከተተወ ኳሊቲውን የሚበላው እሱ ነው)። ኬብሉ 20 ሜትር፣ ማገናኛዎቹ አዲስ፣ ውኃ አልገባም። ሆሪዞንታል 18 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፤ ምስሉ በጠፋበት ሰዓት ኤልኤንቢው ጫፍ ላይ ሲለካ 17.6 አለ። ስለዚህ ከቮልቴጅ አይደለም።

የምጠረጥረው የኤልኤንቢው ኦሲሌተር (የሳተላይቱን ፍሪኩዌንሲ ለሪሲቨሩ ዝቅ ለማድረግ የሚያገለግለው ክፍል) በሙቀት ከ9750 ሜጋኸርዝ እየሸሸ እንደሆነ ነው። ለማረጋገጥ እኩለ ቀን ላይ ፍሪኩዌንሲውን 11108 ወይም 11102 ማድረግ ይበቃል? 45000 ሰፊ ስለሆነ ትንሹን ልዩነት ሪሲቨሩ ራሱ ያርመዋል ብዬ እፈራለሁ፤ ታዲያ እስከ ስንት ሜጋኸርዝ ልሂድ? ወይስ ኤልኤንቢውን በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዞ ኳሊቲው ሲመለስ ማየት ይሻላል?

ሪሲቨሩም እኩለ ቀን ላይ ክዳኑ ይፋጃል። አዲስ ኤልኤንቢ ከመግዛቴ በፊት ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ በምን ልለየው?