ክርክር፦ ፈቃድ ወጥቶበት የተኛ ሞገድ ካለ ሕዝብ ይወቀው?

የኮዬው፦ ሰላም ጎረቤቶች። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ኮዬ ፈጬ ውስጥ ኢንተርኔት እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሁሉም ከሥራ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት መስመሩ ይጨናነቃል። ስንጠይቅ "ሞገድ (ስልኩም ቴሌቪዥኑም በአየር ላይ የሚሄድበት የሬዲዮ ሞገድ) ውስን ሀብት ነው" ይሉናል። እውነት ነው። ግን ፈቃድ የወጣበት ሁሉ ሥራ ላይ ነው ወይ?

ቅዳሜ ለታ ለቴሌቪዥን መቀበያ የተሠራች ትንሽ የዩኤስቢ ዶንግል ላፕቶፔ ላይ ሰክቼ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ኤፍኤሙ ሙሉ ነው፤ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ስክሪኑ ላይ እንደ ምሰሶ ቆመዋል። ከ470 ሜጋኸርዝ በላይ፣ የቴሌቪዥኑ ሞገድ ጋ ስደርስ ግን አልፎ አልፎ ካልሆነ ጨለማ ነው፤ ምንም ሲግናል አይታይም። ብሎካችንን ቀና ብላችሁ እዩት፤ ሁሉም በረንዳ ላይ ዲሽ ነው፤ ቴሌቪዥኑን የምናየው ከሳተላይት እንጂ በዚህ ሞገድ አይደለም። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በከተማው ዳር ዳር መለኪያ ተክሎ ውጤቱን በካርታ ያውጣልን። ይኼው ነው ጥያቄዬ።

ቴክኒሻኑ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ መለኪያህ ግን ያሳስትሃል። ያቺ ዶንግል ማሰራጫው ካለበት ከፉሪ ተራራ በሚመጣው የኤፍኤም ጉልበት ስትጥለቀለቅ የሌለ ጣቢያ ታሳይሃለች፤ ደካማውን ደግሞ ትውጠዋለች። "ተይዟል" የሚያሰኘውን መስመር የት ላይ አሰመርከው? አምስት ዴሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ነው) ከፍ ብታደርገው የተያዘው ሁሉ "ባዶ" ሊሆንልህ ይችላል። ደግሞ ዝም ያለ ሁሉ ባዶ አይደለም። 1575.42 ሜጋኸርዝን እየው። የጂፒኤስ ሲግናል መሬት ሲደርስ ሁልጊዜ ካለው የመቀበያው ጫጫታ በታች ስለሆነ ስክሪንህ ላይ ምንም የለም። የራይድ ሹፌሩ ግን ቤትህን የሚያገኘው በእሱ ነው።

ነርሷ፦ እኔም ይኼን ልል ነበር። የአምቡላንስ ሬዲዮ ሌሊቱን ሙሉ ፀጥ ሊል ይችላል። አንዴ ሲጠራ ግን ምጥ የያዛት ሴት መንገድ ላይ አለች ማለት ነው። ያንን "ሥራ የፈታ" ብሎ ካርታ ላይ ማስፈር ያስፈራኛል።

ጋሼ ከአያት፦ ሌላም ነገር አለ። ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2021 ለፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። እንዲህ ያለ ባለፈቃድ ምሰሶ እየተከለ ቀስ በቀስ ነው የሚደርሰው። ዛሬ ዳር ላይ ስላልደረሰ "አልተጠቀምክበትም" ካልነው፣ ነገ ማን ገንዘቡን ያፈሳል?

መምህሯ፦ ጋሼ፣ የቴሌቪዥኑ ሞገድና የሞባይሉ አንድ አይደሉም። ኬንያ ናንዩኪ አካባቢ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባዶ በነበረ የቴሌቪዥን ሞገድ ለትምህርት ቤት ኢንተርኔት ሞክረዋል። ደቡብ አፍሪካም በ2018 (እ.ኤ.አ.) ደንብ አወጣችለት። መሣሪያው ያለበትን ቦታ ለዳታቤዝ ይናገራል፤ ዳታቤዙ እዚያ ቦታ የትኛው ቻናል ነፃ እንደሆነ ይመልስለታል። ማንም ፈቃዱን አልተነጠቀም። ቱሉ ዲምቱ ያሉ ተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ፋይል ለማውረድ እስከ እኩለ ሌሊት ይጠብቃሉ።

የኮዬው፦ ነርሷ እህቴ፣ ልክ ነሽ። የአደጋ ጊዜና የአቪዬሽን ሞገድ ካርታው ውስጥ አይግባ። ቴክኒሻኑም ልክ ነው፣ የአንድ ቅዳሜ ልኬት ምንም አያረጋግጥም። ጋሼ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማሳየት መንጠቅ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ3550 እስከ 3700 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ላይ በባሕር ዳርቻ መለኪያ ተክለዋል። የባሕር ኃይሉ ራዳር ሲበራ ሌላው ቦታ ይለቃል፣ ሲጠፋ ይመለሳል። ባለቤቱ ሳይነካ ሌላውም ሠራ። መለኪያው ባይኖር ይኼ አይታሰብም ነበር። እኛ ግን ገና ሳንለካ ነው "ትርፍ ሞገድ የለም" የሚባለው፤ ይኼ ያመኛል።

ጋሼ ከአያት፦ አሜሪካ የተከፈለውን ያህል እዚህ ማን ይከፍላል? ገንዘቡ ካለ ምሰሶ ይተከልበት። አሁንም አልተስማማሁም።

ጥበቃ ሠራተኛው፦ የሰው ስልክ ለመጥለፍ እንዳይሆን ብቻ።

ቴክኒሻኑ፦ ጉልበቱ ነው የሚለካው ወዳጄ፣ ወሬው አይሰማም። ውጤቱ ሲወጣም የሲግናሉ ጥንካሬ ብቻ እንዲወጣ መጠየቅ አለብን። የኮዬው፣ ኤፍኤሙን የሚዘጋ ፊልተር አለኝ፤ የተሻለ አንቴናም አለኝ። እሑድ ላምጣልህና ሳምንት ሙሉ ሌት ተቀን እንተወው። ማታ ሁለት ሰዓትንና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትን ጎን ለጎን እናያለን። ከዚያ በኋላም ጨለማ ከሆነ፣ ባለሥልጣኑ ይለካልን በሚለው ጥያቄህ ላይ እኔም ፊርማዬን አኖራለሁ።

የኮዬው፦ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እጠብቅሃለሁ። የጣሪያው ቁልፍ ጥበቃው ጋ ነው። የኤክስቴንሽን ገመድ የሚያውሰኝ አለ?