ጅማ ላይ ዴስክቶፕ ለምታስገጥሙ፦ መጀመሪያ መብራቱን፣ ከዚያ ንፋሱን

ሰሞኑን አንድ ዓይነት ጥያቄ እየበዛብኝ ነው። «ለሰርግ ቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚሆን ዴስክቶፕ ጅማ ላይ የት ላስገጥም? ኩለሩ በውሃ የሚሠራው ይሻላል?» መልሴ ከፕሮሰሰሩ አይጀምርም። ግልገል ጊቤ አጠገባችን ሆኖም መብራቱ እንዴት እንደሚጫወትብን የምታውቁት ነው። እዚህ ከተማ ኮምፒውተር የሚገድለው ሙቀት ሳይሆን ሄዶ የሚመጣ መብራት ነው። አቧራው ሁለተኛ ይከተላል።

ዋጋ አልጽፍም። ብሩ በገበያ ይመራ ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የተጻፈ ዋጋ ሳምንት አይቆይም።

የት ይገዛ? እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳና መርካቶ ያሉትን ሱቆች ለከባዱና ቶሎ ለሚበላሸው ዕቃ እመርጣቸዋለሁ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ)፣ ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ የሚያስተካክል)፣ ሞኒተር፣ ዲቫይደር ከዚህ ግዙ። ሲበላሽ ባጃጅ ላይ ጭናችሁ ትመልሱታላችሁ። ለግራፊክስ ካርድና ለፓወር ሳፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሳጥን) ግን ምርጫ የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። ከዚያ ስታስመጡ ተገጥሞ አይምጣ፤ እያንዳንዱ በየካርቶኑ ይምጣ። መንገዱ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ የግቤ በረሃ ጠመዝማዛም አለበት። ከባድ ካርድ ማዘርቦርድ ላይ ተንጠልጥሎ ያን ሁሉ መንገድ ሲናወጥ የተሰካበትን ስሎት ሊሰነጥቀው ይችላል። መግጠሙን እዚሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የኢንጂነሪንግ ልጆች ይሠሩታል። እኔ ከሱቅ ይልቅ እነሱን እመርጣለሁ፤ ኬብሉን እስኪያስተካክሉ አይቸኩሉም፣ አጠገባቸው ቆማችሁ ብትጠይቋቸውም አይሰለቹም።

ያገለገለ የቢሮ ዴል ወይም ኤችፒ ገዝቶ ካርድ መጨመርስ? ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ግሩም ነው። ለኤዲቲንግ ግን ቀድማችሁ ክፈቱት። የብዙዎቹ ፓወር ሳፕላይ ከ300 ዋት በታች ነው፤ ሶኬቱም የራሳቸው ስለሆነ ከሱቅ የተገዛ አይገባበትም። ከ75 ዋት የማያልፍ፣ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ካርድ ካልሆነ አትድከሙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ፓወር ሳፕላዩ። ኬዙ ላይ በትልቁ «500 ዋት» የተጻፈውን አትመኑ። ፓወር ሳፕላዩን ራሱን አገላብጡትና ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አንብቡ። 12 ቮልት የሚለውን ፈልጋችሁ ከሥሩ ያለውን አምፔር በ12 አባዙ። 18 አምፔር ካለ 216 ዋት ነው፤ «500» የሚለው ጌጥ ነው ማለት ነው። እውነተኛ 550 ዋት ከ40 አምፔር በላይ ይጽፋል። በእጅም ይታወቃል፤ እንደ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ከቀለለ መልሱት። ከኬዝ ጋር «በነጻ» የሚመጣውን እኔ አላስገጥምም።

ስንት ዋት ይበቃል? ለኤዲቲንግ ብዙ ሰው የሚጠይቀውን እንውሰድ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ ፋይቭ 12400ኤፍ ሲጨናነቅ እስከ 117 ዋት ይወስዳል። ግራፊክስ ካርዱ አርቲኤክስ 3060 ደግሞ 170 ዋት ነው። ማዘርቦርዱ፣ ዲስኩና ፋኖቹ ሲጨመሩ 350 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ እውነተኛ 550 ዋት፣ ብሮንዝ የሚል (ኤሌክትሪክ እንደማያባክን የሚያሳይ ደረጃ ነው)፣ ከኮርሴር ወይም ከኩለር ማስተር ይበቃችኋል። 850 ግዙ የሚላችሁ ሰው ሊሸጥላችሁ ነው።

ዩፒኤስ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው በቪኤ ነው። ቪኤ (ቮልት-አምፔር) ዋት አይደለም፤ ዋቱ ከእሱ ያነሰ ነው። 650 ቪኤ የሚለው ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው፤ ሞኒተሩ ሲጨመርበት ከላይ ያለውን ኮምፒውተር አይችለውም። ሬንደር ላይ (ያለቀው ቪዲዮ ተቀናብሮ ሲወጣ) እያላችሁ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። ከ1200 ቪኤ ጀምሩ፣ ዋቱንም ካርቶኑ ላይ አንብቡ። ኤቪአር ያለው ከሆነ ቮልቴጅ ስለሚያስተካክል ሌላ ስታቢላይዘር አያስፈልግም። ያለዚያ ስታቢላይዘሩን በግድግዳውና በዩፒኤሱ መሃል አድርጉት። መብራት ሲመጣ ጥቂት ቆይቶ የሚለቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ብዙው ዕቃ የሚቃጠለው መብራት በተመለሰባት ቅጽበት ነው። ከዩፒኤስ ደግሞ ሰዓት አትጠብቁ። ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ በሥርዓት እንድታጠፉ ነው የተሠራው።

ኬዙን በእጃችሁ ጀርባ ስትነኩት ይነዝራችኋል? ቤቱ ግራውንድ የለውም፣ ወይም ዲቫይደሩ ግራውንድ የምትነካው ብረት የለችውም ማለት ነው። ፓወር ሳፕላዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ኬዙ ያሳልፋል፤ ግራውንድ ካለ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ከሌለ እናንተን ይጠብቃል። መንዘሩ ራሱ አይጎዳ ይሆናል፤ ውስጡ ሲበላሽ ግን ማምለጫ መንገድ የለውም። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ የግራውንዱን ዘንግ መሬት ውስጥ አስቀብሩ። ከማንኛውም መብራት ከሚበራበት ፋን ይህ ይቀድማል።

ማቀዝቀዣው ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ጅማ በረሃ አይደለችም። ከባሕር ጠለል ወደ 1,780 ሜትር ከፍ ያለች በመሆኗ ግን አየሩ ሳሳ ይላል፤ ያው ፋን ሲዞር የሚወስደው ሙቀት ባሕር ዳርቻ ካለው ያነሰ ነው። የውሃ ኩለርም ከዚህ አያመልጥም፤ ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ያው ፋን ነው። በዚያ ላይ ፓምፑ ሲሞት ምትኩን እዚህ ማን ያመጣል? ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን የቆመ የአየር ኩለር ግዙ። ኬዙ ፊቱ መስታወት ሳይሆን ወንፊት ይሁን፤ ሁለት ፋን ከፊት አስገቢ፣ አንድ ከኋላ አስወጪ። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ አቧራ በየቀዳዳው አይሾልክም።

ለአቧራው ማጣሪያ ከሌለው ከፊቱ ሳሳ ያለ የመስኮት ወንፊት ወጥሩበት፣ በየጊዜውም እጠቡት። ኬዙን ወለል ላይ አታስቀምጡ። በርጩማ የሚሠሩት የጅማ አናጢዎች ልኩን ከሰጣችኋቸው ጠንካራ ማስቀመጫ ይሠሩላችኋል፤ ይህን ከሱቅ መግዛት ኪሳራ ነው። ክረምት ላይ ከሚረጥብ ግድግዳ አርቁት። ዳንቴሉ ደግሞ ለቴሌቪዥኑ ይቅር፣ የበራ ኮምፒውተር አይለብስም።

ለጽዳት ጎሚስታ ጋ ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋት ተለምዷል። አልመክርም። የዚያ አየር ውሃና ዘይት ይተፋል። ሱቆቹ ጋ ያለው የእጅ ብሎወር ይሻላል፤ ሲነፋ ፋኑን በጣት ያዙት፣ ዝም ብሎ እንዳይሽከረከር።

ቀሪውን ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ሠሪው ፊት ሞክሩት። የራሳችሁን ቪዲዮ ግማሽ ሰዓት ያህል ሬንደር አድርጉና ሙቀቱን እዩ፤ ከ85 ዲግሪ በላይ ከቆየ ኩለሩ በደንብ አልተቀመጠም ወይም በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መሃል የሚቀባው ፔስት አልተዳረሰም። ከዚያ ሬንደሩ ሳይቆም ዩፒኤሱን ከግድግዳው ንቀሉት። ኮምፒውተሩ ድርግም ካለ ወይ ዩፒኤሱ አንሷል ወይ ፓወር ሳፕላዩ ደካማ ነው፤ እዚያው ይቀየርላችሁ።